ክኒን ተጀምሮ የንግግር ሕክምናው መቼ ይግባ? (ጎንደርና ዙሪያዋ)

የማራኪ ነርስ — ማክሰኞ፣ ማታ 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ጥያቄ በየሳምንቱ ስለሚመላለስ በአንድ ቦታ ይቀመጥ ብዬ ነው። «ድባቴ ነው ተብሎ ክኒን ታዘዘ፣ ከሥነ ልቦና ባለሙያም ቀጠሮ ተያዘ። ሁለቱ አይጋጩም ወይ? አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ አይሻልም ወይ?»

አይጋጩም። የሚጋጩት ክኒን ጻፊውና መካሪው ሳይነጋገሩ ሲቀሩ ነው።

አብሮ መስጠት ምን ያህል ለውጥ እንዳለው ከሁለት ጥናቶች ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ድባቴ የያዛቸው 439 ታዳጊዎች ለ12 ሳምንት ታይተው ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ካገኙት 71 በመቶው ደህና ለውጥ አሳዩ፤ ፍሉኦክሲቲን የሚባለውን የድባቴ ክኒን ብቻ የወሰዱት 61፣ የንግግር ሕክምና ብቻ ያገኙት 43፣ የማስመሰያ ክኒን የተሰጣቸው 35 በመቶ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ደግሞ ድባቴያቸው ዓመታት የዘለቀ 681 አዋቂዎችን ያየ ነው። ክኒን ብቻ 48፣ ምክር ብቻ 48፣ ሁለቱ 73 በመቶ። (የዚያ ጥናት መድኃኒት በኋላ ጉበት ይጎዳል ተብሎ ከብዙ አገር ገበያ ወጥቷል፤ ስለዚህ ከጥናቱ ልንወስድ የሚገባው ማጣመሩን እንጂ ክኒኑን አይደለም።)

ይህ ማለት ግን ሆዱን ባር ባር ያለው ሁሉ ክኒን ይዋጥ ማለት አይደለም። ፒኤችኪው-9 የሚባለው ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መለኪያ በአማርኛ አለ፤ ከ0 እስከ 27 ይሰጣል። ከ10 በታች ለሆነው ምክርና ክትትል ይቀድማል። ከ10 እስከ 14 ለሆነው ሰውየው ይምረጥ፤ አንዱም ይበቃል። 15ና ከዚያ በላይ ሲሆን ሁለቱን አብሮ መጀመር ነው፤ 20 ካለፈ ቀጠሮ አይጠበቅም። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለማጥፋት ስለሆነ እሱ ላይ ከዜሮ የተለየ መልስ ከመጣ ድምሩ ስንት ይሁን ስንት በዚያው ቀን ጠጋ ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው።

አካሄዱ በአጭሩ፦ ፍሉኦክሲቲን ጠዋት ከቁርስ በኋላ 20 ሚሊግራም። ለአረጋዊና በጣም ለሚጨነቅ ሰው የመጀመሪያው ሳምንት 10 ቢሆን ይሻላል። ለውጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይጀምራል፤ በቂ ነው ወይም አይደለም ለማለት ከ4 እስከ 6 ሳምንት። ማቅለሽለሹ፣ ራስ ምታቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ መቁነጥነጡ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል። ጉዳቱ ቀድሞ ጥቅሙ ዘግይቶ ስለሚመጣ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ምክሩ ልጅነትን ሲመረምር አይዋል። ሰውየው ክኒኑን እንዳያቋርጥ ይርዳው፤ የተዛባ አስተሳሰብን ማቃናቱ ከሦስተኛው ሳምንት ወዲያ ይምጣ።

---

ሥነ ልቦና ፒያሳ — ማክሰኞ፣ ማታ 3:02

እህቴ፣ በመጨረሻው ብቻ አልስማማም። ሐሳብን መመርመሩ ይቆይ፣ እሺ፤ ትኩረት የሌለው ሰው ሐሳቡን መዝኖ ማየት አይችልም። ሥራ ማስጀመሩ ግን ከመጀመሪያው ቀን ነው። ድባቴ ሰውን አልጋ ላይ ያስቀራል፣ አልጋ ላይ መቅረቱ ድባቴውን ያብሳል። ይህን ለመስበር ክኒኑ እስኪሠራ አይጠበቅም።

አንድ ምሳሌ ላሳይ። ሰው የራቀች፣ ቡና ላይ መቀመጥ የተወች ሴት እንበል። «ሰው ተቀላቀይ» ብሎ መምከር ዋጋ የለውም፤ ጎረቤቶቿም ሲሏት ከርመዋል። በልክ ይቆረጥ፦ የመጀመሪያው ሳምንት ማክሰኞና ዓርብ ጎረቤት ቡና ሄዶ አቦልን ጠጥቶ መነሳት። ማውራት ግዴታ አይደለም። ሁለተኛው ሳምንት እስከ ቶና። ሦስተኛው ሳምንት እስከ በረካ፣ በዚያውም አንድ ጥያቄ ለአንድ ሰው። ከመሄዷ በፊትና ከተመለሰች በኋላ ስሜቷን ከ0 እስከ 10 ትመዝናለች። መጻፍ ካልቻለች በሁለት እጅ ጣት፣ ወይም በሲኒ ውስጥ የባቄላ ፍሬ ጨምራ። ከመሄዷ በፊት 2፣ ስትመለስ 3 ካለች ያቺ አንድ ፍሬ ትበቃለች፤ የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የሚጀምረው ከእሷ ነው።

ሦስተኛ አራተኛ ሳምንት ላይ፣ እንቅልፉ ሲስተካከል፣ ሐሳቡ ይገባል። ይህችኑ ሴት እንውሰድ፦

ምን ሆነ? — ጎረቤት ቡና ሲወቀጥ ተሰማኝ፣ የሚጠራኝ ልጅ ግን አልተላከም።
ምን አሰብኩ? — ጠልተውኛል። (90 በመቶ አምኜበታለሁ)
ማስረጃው? — አልጠሩኝም።
የሚቃረነውስ? — ባለፈው ሳምንት ሦስት ጊዜ ጠርተውኝ ሦስቱንም ቀርቻለሁ። ቅዳሜ ሽሮ ልከውልኛል።
አሁን እንዴት ይታየኛል? — እንዳያስቸግሩኝ ብለው ይሆናል። (ጠልተውኛል የሚለው ወደ 50 ወርዷል)

90 ወደ 0 እንዲወርድ የሚጎትት መካሪ ያበላሻል። 50 ይበቃል፤ የቀረውን ማክሰኞ የምትጠጣው ቶና ይጨርሰዋል።

አንድ ክፍለ ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ነው፤ በሳምንት አንዴ፣ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 16 ዙር።

---

የማራኪ ነርስ — ማክሰኞ፣ ማታ 3:20

ተቀብያለሁ፤ «ይቆይ» ያልኩት ሐሳብን መመርመሩን ብቻ ነው። ፒኤችኪው-9ን በተመለከተ አንድ ወጥመድ ልጨምር። ፍሉኦክሲቲን በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ነጥቡ ሊጨምር ይችላል። መካሪው «ብሶበታል» ብሎ ይደነግጣል። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ሲያዩዋቸው የጨመሩት እንቅልፍ፣ ምግብና መቁነጥነጥ ብቻ ሆነው ይገኛሉ፤ የክኒኑ ሥራ ነው። ተስፋ መቁረጥና ራስን መውቀስ ከጨመሩ ግን ሕመሙ ራሱ ነው። ድምሩን ብቻ ሳይሆን ዘጠኙንም ቁጥር የሚጽፍ ሰው ብቻ ነው ይህን የሚለየው። በ4 ሳምንት ቢያንስ 5 ነጥብ ካልወረደ ሐኪሙ መጠኑን፣ መካሪው አካሄዱን ይከልሱ።

ዕድሜው ከ25 በታች ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥብቅ ክትትል ይፈልጋሉ፤ በዚህ ዕድሜ ክኒኑ ሲጀመር ወይም ሲጨመር ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊቀሰቀስ ይችላል። ምክሩ በየሳምንቱ መሆኑ እዚህ ላይ ድርብ ጥቅም አለው፤ በሳምንት አንዴ ዓይኑን የሚያይ ሰው አለ ማለት ነው።

---

ከመድኃኒት መደርደሪያው ጀርባ — ረቡዕ፣ ጠዋት 1:45

መድኃኒት ቤት በኩል የሚበላሸውን እኔ ልንገራችሁ።

ዋነኛው አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የቆየ የድባቴ ክኒን ነው። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ለራስ ምታትም ለእንቅልፍም ይታዘዛል። በ25 ሚሊግራም ማታ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ፍሉኦክሲቲን ያለበት ሰው ሌላ ቦታ ለወገቡ አሚትሪፕቲሊን ከታዘዘለት ፍሉኦክሲቲን አሚትሪፕቲሊኑ ከደም እንዳይወጣ ስለሚያዘገየው በትንሽ መጠንም ይበረታበታል፦ አፍ መድረቅ፣ ሽንት መከልከል፣ የልብ መምታት። ሁለተኛ፣ በብዛት ሲወሰድ ልብን የሚያቆም ክኒን ስለሆነ ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ሰው እጅ የወር መድኃኒት አይሰጥም። የሳምንት ብቻ፤ ያንንም ቤተሰብ ይያዘው። ልብ ሕመም ላለበት ደግሞ ከመጀመሪያውም አይመረጥም።

ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ከፍሉኦክሲቲን ጋር አይሄድም። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ትኩሳት፣ መቃዠት ሊያመጣ ይችላል፤ የሚጥል በሽታም ይቀሰቅሳል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉት ማስታገሻዎች ከፍሉኦክሲቲን ጋር ሲደራረቡ ጨጓራ የማድማት ዕድላቸው ይጨምራል። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል በቂ ነው።

አረቄም አለ። «ትንሽ ለእንቅልፍ» ይባላል። እንቅልፉን በሌሊት ይሰብረዋል፣ ድባቴውን ያብሳል፤ ከዲያዜፓም (የማረጋጊያና የእንቅልፍ ክኒን) ጋር ከሆነ ደግሞ አተነፋፈስን ያዳክማል።

አንድ ነገር ለመካሪዎች፦ አሚትሪፕቲሊን፣ ክሎርፕሮማዚን ወይም ኦላንዛፒን (ሁለቱ ድምፅ ለሚሰማው ሰው የሚታዘዙ ናቸው) ማታ የሚወስድን ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ቀጠሮ አትስጡት። ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ ይተኛል። 4 ወይም 5 ሰዓት አድርጉት። የእነዚህን መድኃኒቶች የጡንቻ ጉዳት ለማቅለል የሚሰጠውን ትራይሄክሲፈኒዲል የሚወስድ ከሆነ ማስታወስም ይቀንሳል፤ «የቤት ሥራውን አልሠራም፣ ፍላጎት የለውም» ከማለታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡት።

---

ጠያቂ 44 — ረቡዕ፣ ቀን 6:30

ይህ ሁሉ ለከተማ ሰው ነው። ከቆላድባ፣ ከአይከል፣ ከአምባ ጊዮርጊስ የሚመጣ ሰው በየሳምንቱ ለ16 ሳምንት እንዴት ይመላለስ? የትራንስፖርቱስ? የውሎው ሥራስ?

---

ሥነ ልቦና ፒያሳ — ረቡዕ፣ ቀን 8:05

አይመላለስም፤ 16ቱን ለእሱ መጻፍ ሦስተኛው ላይ እንዲቀር መፍረድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ያወጣው ባለ አምስት ዙር አካሄድ አለ፤ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ ነው። የሚሰጠው ሠልጥኖ ክትትል በሚደረግለት ሰው ነው፤ የሥነ ልቦና ዲግሪ የግድ አይደለም። ይዘቱ አራት ነገር ነው፦ ትንፋሽን አዝግሞ መረጋጋት፣ ሊፈታ የሚችለውን ችግር ለይቶ መፍታት፣ የተተወ ሥራን መልሶ መጀመር፣ የሚረዳ ሰውን ማጠንከር። ዚምባብዌ ውስጥ አያቶች ከጤና ጣቢያ ቅጥር ግቢ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ችግር መፍታትን ያስተምራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ውጤቱ ጥሩ መሆኑን አሳይቷል። እነሱ ሕመሙን በሾና ቋንቋ የሚጠሩበት ስም ትርጉሙ «ማሰብ ማብዛት» ነው። ከእኛ ጋር አንድ።

ጎንደርም ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ሲከፈት ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ያሠለጠነው ሐኪም በማይደርስበት እንዲደርሱ ነበር።

ለክኒኑና ለምክሩ ተግባራዊው ዘዴ ይኸው ነው፦ የመድኃኒት ቀጠሮና የምክር ቀጠሮ አንድ ቀን ይሁኑ። የመጀመሪያው ወር በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ በወር አንዴ። በመሐል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ስልክ። ስልኩ ለወሬ አይደለም፤ ሦስት ጥያቄ ብቻ፦ ስንት ፍሬ ተዘለለ? ከተስማማነው ሥራ የትኛው ተሠራ? ክኒኑን የማቆም ሐሳብ መጥቷል ወይ? ሦስተኛው ጥያቄ ካልተጠየቀ ሰው በይሉኝታ ዝም ይላል፤ የሚሰማው ካቆመ ከወር በኋላ ነው።

---

ዲያቆን ዘአዘዞ — ረቡዕ፣ ማታ 1:50

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ጸበልና ጾም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ውኃም የማይቀምስ አለ። ጸበልም በባዶ ሆድ ነው። በዚህ መሐል ክኒኑ ይጣላል።

ከቤተ ክርስቲያን በኩል መድኃኒት ጣሉ የሚል ትምህርት የለም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው እንደሚወሰዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ለታመመ ሰው ጾምን ማላላት ደግሞ የንስሐ አባት ሥልጣን ነው። የጤና ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ሰዓቱን እንዴት እንደሚያዛውሩት ንገሯቸው፤ «ጾሙን ተው» ስትሏቸው ክኒኑን ነው የሚተዉት።

---

ከመድኃኒት መደርደሪያው ጀርባ — ረቡዕ፣ ማታ 2:40

ዲያቆን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ትክክለኛው ጥያቄ ይኸ ነው። መልሱ እንደ ክኒኑ ይለያያል።

ፍሉኦክሲቲን በደም ውስጥ ለቀናት ይቆያል፣ ሰውነት ሲሰባብረው የሚተርፈውም ከሳምንት በላይ። ስለዚህ ከጠዋት ወደ 9 ሰዓት ቢዛወር ምንም አይጎድልም፤ ከምግቡ ጋር ይዋጥ። እንቅልፍ ስለሚነሳ ወደ መኝታ ሰዓት ግን አይጠጋ። አሚትሪፕቲሊንና ኦላንዛፒን ቀድሞም የማታ ስለሆኑ ጾም አይነካቸውም። በቀን ሁለቴ የሚወሰድ ካርባማዜፒን (ለሚጥል በሽታና ለሚዋዥቅ ስሜት የሚታዘዝ) ከጾሙ ሰዓት ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ሰዓቱ ከሐኪሙ ጋር ይወሰን። ካልተመቸ ሐኪሙ ቀስ ብሎ የሚለቀውን ዓይነት ያስብበት።

ሊቲየም፣ ስሜቱ አንዴ ከልክ በላይ ለሚነቃቃ አንዴ በድባቴ ለሚወድቅ ሰው የሚሰጠው፣ ግን ሌላ ነው። ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጣ ኩላሊት ሊቲየምን ያስቀረዋል፤ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። የሚፈለገው በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲወጣ እጅ በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ይተፋል፣ ያስቀምጣል፣ እርምጃ ይንገዳገዳል፣ ንግግር ይተሳሰራል። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውኃ ሳይቀምስ እስከ 9 ሰዓት መቆየት የለበትም፤ የንስሐ አባቱ ፈቃድ አስቀድሞ ይጠየቅ። ጸበል ጠጥቶ ብዙ ያስታወከ ሰውም እንዲሁ፤ ቀጣዩን ክኒን ከመዋጡ በፊት ጤና ተቋም ይሂድ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ሊቲየምን ስለሚያስጠራቅሙ አይወሰዱ። የደም ምርመራው ከመጨረሻው ክኒን 12 ሰዓት በኋላ ይወሰድ፤ ጠዋት ክኒን ውጦ የመጣ ሰው ቁጥሩ ያሳስታል።

ጸበል የሚጠመቅ ሰው ክኒኑን ይዞ ይሂድ፤ ቤት ትቶት አይውጣ። እዚያ ለሁለት ሳምንት የሚሰነብት ከሆነ የሁለት ሳምንት ፍሬ ቆጥሮ በደረቅ ዕቃ፣ ከፕላስቲክ ጠርሙሱ ርቆ። ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ፀሐይ ላይ ቆሞ ተራ አይጠብቅ፤ ቆዳው ይቃጠላል።

---

የማራኪ ነርስ — ረቡዕ፣ ማታ 3:15

ሊቲየም ከተነሳ አይቀር፦ ድባቴ ለሚመስል ሁሉ ፍሉኦክሲቲን ከመጻፉ በፊት አንድ ጥያቄ አለ። «ከዚህ በፊት ለቀናት ሳይተኙ ድካም ሳይሰማዎት፣ ወሬው እየፈጠነ፣ ገንዘብ እየበተኑ ወይም ከሰው እየተጣሉ የሰነበቱበት ጊዜ ነበር?» ከታማሚው ብቻ አይጠየቅ፤ ከቤተሰብም ይጠየቅ፣ ሰውየው ያንን ጊዜ «ደህና የነበርኩበት» ብሎ ነው የሚያስታውሰው። ከነበረ የድባቴ ክኒን ብቻውን አይሰጥም፤ ወደዚያው ከልክ ያለፈ መነቃቃት ሊገፋው ይችላል። ይህን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያገኘው መካሪው ነው፣ ምክንያቱም ረዘም ላለ ሰዓት ያዳምጣል። ሲያገኝ ለሐኪሙ በወረቀት ይጻፍ እንጂ «ንገረው» ብሎ በታማሚው አይላክ።

ድምፅ ለሚሰማው፣ የሚከታተሉኝ አሉ ለሚል ሰው ደግሞ መሠረቱ መድኃኒቱ ነው፤ ምክር ብቻውን አይበቃም። ግን የመድኃኒቱን ጉዳት ቤተሰብ ካላወቀ ያስቆመዋል። ሃሎፔሪዶል በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገት ሲጣመም፣ ዓይን ወደ ላይ ሲገለበጥ «ያው መንፈሱ ተቆጣ» ይባላል። የመድኃኒቱ የጡንቻ ጉዳት ነው፤ መፍትሔ አለው፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል። ይህን ቀድሞ ለቤተሰብ መንገር ራሱ የንግግር ሕክምናው አካል ነው።

---

ጠያቂ 44 — ሐሙስ፣ ጠዋት 2:20

ዲያዜፓምስ? ከመኖሪያቸው የተፈናቀሉ፣ ተኩስ የሰሙ፣ ሌሊት የሚባንኑ ብዙ ናቸው። እሱ ካልተሰጠ በምን ይተኙ?

---

ሥነ ልቦና ፒያሳ — ሐሙስ፣ ጠዋት 3:40

ለመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ያስተኛል፤ ዕዳው በኋላ ይመጣል። ሳምንታት ሲያልፉ ሰውነት ይለምደዋል፣ ሲቆም እንቅልፍ ማጣቱ ብሶ ይመለሳል። ከአደጋ በኋላ ለሚመጣው ቅዠትና መባነን በመመሪያዎቹ አይመከርም። የንግግር ሕክምናውንም በቀጥታ ይቃረነዋል። ምክንያቱም ሰውየው የሚፈራውን ነገር፣ ለምሳሌ የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ያለውን ድምፅ፣ ቀስ በቀስ እየተለማመደ «ደነገጥኩ፣ ግን አልሞትኩም፣ ድንጋጤውም በ20 ደቂቃ ወረደ» ብሎ መማር አለበት። ዲያዜፓም ውጦ ከሄደ የሚማረው «ክኒኑ አዳነኝ» ነው። ኪሱ ውስጥ አንዲት ፍሬ ይዞ መዞሩ ብቻ ይህን ትምህርት ያበላሻል፤ ባይውጣትም። መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለዚህ «ስንት ትውጣለህ» ብቻ ሳይሆን «ይዘህ ትዞራለህ ወይ» ጭምር ነው። ለወራት ሲውጥ የኖረ ግን በድንገት አያቁም፤ የሚጥል በሽታ ሊያመጣበት ይችላል። በሐኪም፣ ቀስ በቀስ።

ፍሉኦክሲቲንና የእሱ ዓይነት የሆነው ሰርትራሊን ይህን ችግር አያመጡም። እነሱ ላይ የማየው ሌላ ነው፦ «ማልቀስ አቃተኝ፣ ሁሉም ነገር ደነዘዘብኝ» የሚል ሰው። ሐዘን ላይ የምንሠራ ከሆነ ይህ ለሐኪሙ መነገር አለበት፤ መጠኑ ዝቅ ቢል ሊሻለው ይችላል።

---

አዲስ ገብ — ሐሙስ፣ ቀን 9:10

ክኒኑ እስከ መቼ? ከተሻለው በኋላ ምክሩ ቀድሞ ይቁም ወይስ ክኒኑ?

---

የማራኪ ነርስ — ሐሙስ፣ ማታ 1:30

ክኒኑ ሰውየው ደህና ከሆነ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል። ቆጠራው የሚጀምረው ክኒኑ ከተጀመረበት ቀን አይደለም፤ ፒኤችኪው-9 ከ5 በታች ከሆነበት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከዚያ ሐኪሙ ቢያንስ በ4 ሳምንት ውስጥ ቀስ እያደረገ ያወርደዋል፤ ለዓመታት የወሰደ ሰው ከዚያም ይረዝማል።

ምክሩ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ዙሮች ለዚህ ያስቀምጥ። ሳምንታዊው በ16 ካበቃ በኋላ በወር አንዴ፣ ክኒኑ በሚወርድበት ጊዜ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ። ያኔ የሚሠራው የመመለሻ ምልክቶችን ዝርዝር በሰውየው ቃል መጻፍ ነው። «እንቅልፍ ማጣት» ተብሎ አይጻፍ፤ «ሌሊት 9 ሰዓት ነቅቼ ጣሪያ ማየት ስጀምር»፣ «ስልክ ሲጠራ ማንሳት ሲያስጠላኝ»፣ «ለቡና ስጠራ ሰበብ ስፈልግ»። ከእነዚህ ሁለቱ ለሁለት ሳምንት ከቆዩ ማንን እንደሚያገኝ ከታች ይጻፍ፤ ወረቀቱን ቤት ውስጥ አንድ ሰው ይወቀው።

---

ከመድኃኒት መደርደሪያው ጀርባ — ሐሙስ፣ ማታ 2:05

አወራረዱ ላይ አንድ እርማት፣ ሰው እየተቀባበለው ስለሆነ። «አንድ ቀን ዝለል፣ አንድ ቀን ዋጥ» የሚለው ለፍሉኦክሲቲን ይሠራል፤ በደም ውስጥ ስለሚቆይ የተዘለለው ቀን አይሰማም። ለሰርትራሊን አይሠራም። በአንድ ቀን ገደማ ግማሹ ስለሚወጣ የተዘለለ ቀን ላይ ማዞር፣ በጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነካው መንዘር፣ ንዴት ይመጣል፤ ሰውየውም «ሕመሙ ተመለሰብኝ» ብሎ ይደነግጣል። ሰርትራሊን በየቀኑ እየተወሰደ መጠኑ ነው የሚቀንሰው፤ የ50 ሚሊግራሙ ክኒን መሐሉ ላይ መስመር ካለው በመስመሩ ይገመሳል። ሕመሙ መመለሱንና የማቆም ስሜቱን የሚለየው ጊዜው ነው፦ ከተቀነሰ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ የጀመረና ከማዞር ጋር የመጣ የማቆሙ ነው፤ ከሳምንታት በኋላ ቀስ ብሎ የገባ የሕመሙ ነው። አዲስ ገብ፣ የትኛውን ክኒን እንደያዙ ቢጽፉልን ከሐኪምዎ ጋር ምን እንደሚነጋገሩ እናግዝዎታለን።